ቮልጎግራድን አውቃለሁ ያለው ሰውዬ

ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ወር ተጋመሰ፣ እኔ ግን ዛሬም በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍትም። ቤቱ እንደተውከው አይደለም። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ፣ ከመስኮት ፓርኪንጉን ቁልቁል ሳላይ ወደ ሥራ አልወጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ለቅሶህ ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። ጋሽ ደምሴ እባላለሁ፣ እዚሁ ቅርብ ውድብሪጅ ነው የምኖረው፣ ከባልሽ ጋር ራሺያ ቮልጎግራድ አምስት ዓመት አንድ ዶርም ነበርን ብሎ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሰ። ሰው አዘነለት፣ እኔም አዘንኩለት። ግን ሆዴ፣ ስለዚያ ከተማ ስንቱን ስታወራኝ ደምሴ የሚባል ስም እንዴት አንድ ቀን እንኳን ከአፍህ አልወጣም?

ከዚያ በየቀኑ ኮል ያደርግልኝ ጀመር። ሊዛችን፣ የቤት ኪራይ ውላችን ሊያልቅ መሆኑን፣ ኪራዩንም ብቻዬን እንደማልችለው ከማን እንደሰማ እንጃ። ቤዝመንቴ፣ ምድር ቤቱ፣ ባዶ ነው፣ ነይና ኑሪ፣ የወንድሜ ሚስት ሜዳ ላይ አትወድቅም ይለኛል። ባለቤትዎ የት ናቸው ስለው "ትመጣለች፣ ትመጣለች።" እዚሁ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል ውስጥ አብራኝ ክፍል የምታጸዳዋ ሰናይት ይሄን ስትሰማ "አንቺ! አንድ ፎቶ እንኳን ሳያሳይሽ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ልትገቢለት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ከዚያ ሳቋን ተወችና "ጠይቂው" አለችኝ።

እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ? ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ። የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው። ትዝ ይልሃል፣ ክንዴን ዘርግተህ በጣትህ ስታሳየኝ? ከተማዋ ክብ አይደለችም፣ እንደ ክንድሽ ቀጭንና ረጅም ናት፣ በአንድ በኩሏ ቮልጋ ወንዝ ነው፣ ዳር ዳሩን ፋብሪካ ብቻ ነው ያልከኝ። ትከሻዬ ላይ ትራክተር ፋብሪካው፣ በጦርነቱ ጊዜ የሠራው ታንክ ቀለም ሳይቀባ ከበሩ ቀጥታ ወደ ውጊያ ይሄድበት የነበረው። ክርኔ ላይ ኮረብታው፣ ሰይፍ የያዘችው የሴት ሐውልት ያለችበት፣ መሬቱ ሲቆፈር እስካሁን አጥንት የሚወጣበት። የከተማዋን ስም ሁለት ጊዜ ቀየሩባት፣ እሷ ግን ያቺው ናት ብለህ ሳቅክ። የእጄ አንጓ ጋ ስትደርስ መርከብ የሚያልፍበት ቦዩ፣ ያንተ ዶርም፣ አጠገቡ የሰናፍጭ ፋብሪካው። ለዚህ አይደል ጾም በመጣ ቁጥር ሰናፍጭ ሲቀርብ አፍንጫህን ይዘህ "አምስት ዓመት በመስኮት የገባው ይበቃኛል" የምትለው።

እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ሰናይት አጠገቤ ቆማ ጠየቅኩት። ጋሽ ደምሴ፣ ከዶርማችሁ የትኛው ፋብሪካ ይታያል?

"ትራክተር ፋብሪካው ነዋ! በራችን ላይ!"

ሽታውስ?

"ብረት፣ ጭስ፣ ሌላ ምን ይሸታል የኔ ልጅ?"

እንዴ፣ ትራክተሩ እኮ በወዲያኛው ጫፍ ነው! ባሌ የነገረኝ በታችኛው ጫፍ፣ ሰናፍጭ የሚሸትበት ነው አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ፣ ከዚያ ሳቀ። "ወይ የዋህ! ባልሽ ያወራልሽን ሁሉ አምነሻል?"

ይቺ ቃል ናት የገደለችኝ። ከሰናይት ጋር ስንመለስ ባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንተን ራስህን ጠረጠርኩህ ሆዴ። ጭራሽ እዚያ አገር ሄደህ ባታውቅስ? ሰናይት ከእጄ ስልኬን ነጠቀችና ካርታውን አወጣች። ወንዙ አለ፣ ከተማዋ ረጅም ናት፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች እየጎተተች ወረደች፣ ቦዩ መጣ፣ ፋብሪካውም መጣ፣ የሰናፍጭ ዘይት ይላል። ሰው ሁሉ እያየኝ እዚያው አለቀስኩ።

ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት። ቅዳሜ ሰናይት ጋ፣ ዊተን የሚባለው ከተማ ልገባ ነው፣ አንድ ክፍል ለሁለት። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም፣ ቤተክርስቲያኑን ያውቃል፣ የሱን የመሰለ ግራጫ መኪና ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ማን እንደሆነ፣ ከኔ ምን እንደፈለገ እስካሁን አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። እንዳወራኸኝ አድርጌ፣ አንድም ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እስክሞት አስታውስሃለሁ። በስምህ እያለቀሰ የመጣ ሰው ግን ከእንግዲህ ቤቴ አይገባም።

ሚስትህ፣ አለምነሽ