ተራራውን ብቻ

ኖርክሮስ፣ አትላንታ
ግንቦት 20 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይ? ልጄ ሲና በምትሠራበት ሆስፒታል ያለ ሐኪም ቅባቱን ማታ ብቻ ሳይሆን ጠዋትም ትቀባ ብሏል። እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እታገኝ የሱቄ ደንበኛ ናት። የምትመጣው ብቻዋን ነው፣ ያውም ከሰዓት በኋላ። ስታያት አትደንግጪ።

የጠየቅሽኝን ፎቶ አንስቻለሁ። ባለፈው ወር ደውለሽ ያቤጽ ያለበትን ቦታ አንስተህ ላክልኝ ስትዪኝ፣ የዓሣ ፋብሪካውን ነው ወይ ብዬሽ ነበር። "ተራራውን ብቻ" አልሽኝ። የዚያን ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከዚህ ሌላ የጻፍኩት የለም።

አላስካ ድረስ ሦስት አውሮፕላን ቀያየርኩ፤ ከዚያ በኋላ መኪና የሚሄድበት መንገድ ስለሌለ አራት ሰዓት በጀልባ ነው። ፊት ለፊት ባሕር፣ ዳር ላይ ፋብሪካውና የሠራተኞቹ ማደሪያ፣ ከኋላ ተራራው። ከልጅሽ ከያቤጽ ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረው ፍሬው የሚባል የአዳማ ልጅ ተቀበለኝ። ተራራው የቱ ነው ብዬ ብጠይቀው ጭጋጉን አሳየኝ።

ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው ነው። ሰኞ፣ ጭጋግ። ማክሰኞ፣ ጭጋግ። ረቡዕ፣ ጭጋግና ዝናብ። ፍሬው ሊያጫውተኝ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደ ኤምባሲ ነው፤ ቀጠሮ ከሌለዎት ፊቱን አያሳይም" አለኝ። ሳቅሁለት።

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። ከሚዘጋ ሬስቶራንት ፍሪጅና ምድጃ ገዝቼ ለሚከፈተው እሸጣለሁ። ሻጭ ሲግደረደርብኝ ጀርባዬን ሰጥቼ መኪናዬን አስነሳለሁ፤ ያኔ ራሱ ይጠራኛል። ከተራራ ጋር ግን ምን ይደረጋል? ሦስት ቀን ሙሉ ካፖርት ለብሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተገለጠ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ። አናቱ በረዶ ነው፣ ወገቡ ጥቁር ደን፣ እግሩ ባሕር ውስጥ ገብቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል። ባያምር ደስ ይለኝ ነበር። በስልኬ አርባ ጊዜ አነሳሁት፤ የሚሻለውን አሳጥቤ ልኬልሻለሁ። ያቤጽ ቢያየው ይስቅብኝ ነበር። እሱ እኮ ለማስታወቂያ የማወጣቸውን ፍሪጆች እንኳ እንደ ሙሽራ ነበር የሚያነሳቸው፤ "አጎቴ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ አዙራት" ይለኝ ነበር።

ፍሬው፣ ያቤጽ በነሐሴ ወር፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ካሜራውን ይዞ የወጣበትን መንገድ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ የነገረኝ ደብተሬ ላይ ሁለት ገጽ ይዟል፤ እዚህ አልገለብጠውም። የያቤጽንም ሻንጣ ከራሱ አልጋ ሥር አስቀምጦ ጠብቆልኛል። ይዤው መጥቻለሁ። አልከፈትኩትም፣ ከፋቹ እኔ አይደለሁም።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ወደዚያ የሄደው በራሱ ምርጫ ይመስልሻል። "የዓሣ ሥራ አራት ወር ነው፣ ሂድና ተመለስ" ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። እሱስ ከእኔ ጋር ፍሪጅ መጫኑን አልጠላውም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ግሩም። የአጎታችንን ልጅ ሦስት ጊዜ የላክሁብሽ እኔ ነኝ። በኅዳር በማለዳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሲመጣ ግቢ ስትጠርጊ አገኘሽው። ጋቢያቸውን አየሽና፣ "ግሩም፣ እነዚህን ትልልቅ ሰዎች በደብረ ብርሃን ብርድ አታንከራታቸው፤ ወደ ቤታቸው መልሳቸው" አልሽው። በጥር ሲመጡ በሩን ከውጭ ቆልፈሽ ሄደሻል። ከፋሲካ በኋላ አስገባሻቸው፤ ግን ቁርስ አቀረብሽና አንደኛው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አጎረስሻቸው፣ ሊቀጥሉ ሲሉ ደገምሽላቸው። ሽማግሌው ሲወጡ፣ "ለዚህች ሴት ሌላ ሰው ፈልጉላት፤ እኔ ጠግቤያለሁ" አሉ አሉ።

ግሩምን ደውዬ ተቆጣሁት። አንዲት ሴት ሦስት ወንዶችን እንዴት ታቅታለች አልኩት። ከሳምንት በኋላ ደውለሽ ተራራውን ብቻ ስትዪኝ ግን ስልኩን ዘግቼ ግሩምን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሲና እዚህ ያደገች ናት፤ "አባዬ፣ ጀስት ንገራት" ትለኛለች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንደማይነገር፣ ወረቀት ላይም እንደማይሰፍር ባስረዳት ባስረዳት አልገባትም። አንዳንድ ቀን እኔም አይገባኝም።

እትዬ፣ ግን አንድ ነገር ስሚኝ። አንቺ ሳትሰሚ እኛ መቀመጥ አንችልም። ወሬው ቀድሞ እንዳይደርስሽ ብለን ዘጠኝ ወር ሱቅ ከፍተን፣ ሠርግ ተጠርተን፣ ሰው ፊት ስቀን ኖረናል። ቤቴ ፍራሽ አልተነጠፈም። የሰማ ሁሉ እጄን ይይዝና ስለ ሥራ ይጠይቀኛል። አንድ እሑድ ሲና መኪና ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ደረስሁባት። ተቆጣኋት። ለገዛ አክስቷ ልጅ፣ እናቱ ሳትቀድም ማልቀስ አይገባሽም አልኳት። እንዲህ ያልኩበትን አፌን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

አላስገድድሽም። ግሩም ከእንግዲህ ሳትጠሪው አይመጣም። ሲሆንልሽ እሱን "ና" በዪው፤ ለእኔ መደወል የለብሽም፣ ከእሱ እሰማለሁ። ያን ቀን ሱቁን እዘጋለሁ፣ የሳሎኑን ዕቃ አስወጣለሁ፣ ሲናንም ከሥራ አስቀራታለሁ።

እትዬ፣ ፍቀጂልን።

የእናታችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ