የቢያዝን ተዝካር

ቢያዝን፣

ቁልፉ ከአከራያችን ከእትዬ ትርንጎ ዘንድ ነው። ሽሮ በድስቱ አለልህ፣ አሙቀህ ብላ። ጣራው በአልጋህ በኩል ያፈሳልና አልጋውን ወደ በሩ ሳበው።
እኔ ደባርቅ ሄጃለሁ። ኮሌጅህ እስኪከፈት አልመለስም።

ኮሶዬ፣ ወላጆችህ ዘንድ፣ አትውጣ።

ባለፈው ክረምት በአያትህ ተዝካር መካከል ተነሥተህ፣ «በአድቬንቲስት ኮሌጅ ነገረ መለኮት ስማር የገባኝ ይህ ነው፤ ሙት ምንም አያውቅም፣ ድግሳችሁ ከንቱ ነው» ብለህ ነበር። አባትህ አያ ዳኛው ያን ቀን ለእንግዳው ጠላ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። በግንቦት ግን የአንተን ተዝካር ደገሱ። የነፍስ አባታቸው «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አላደርስም» ቢሏቸው፣ «ለእርስዎ ይኑር፤ ለእኔ የለም» አሏቸው። ፍትሐቱ ቀረ፣ ድግሱ ግን አልቀረም። አገር ምድሩ በላ። እኔም በላሁ። ጠላው ሸጋ ነበር፤ መቼም አንተ መጠጡን ትተሃል።

እናትህ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ለአንተ ብለው የፈተሉትን ጋቢ አባትህ ከእጃቸው ወስደው፣ የሟች ልብስ ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ። እናትህ እስከ በር ሸኝተውኝ፣ «የሚማርበት አገር ይበርዳል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ጋቢውን ላስቀምጥልህ አስቤ ነበር። የደባርቅን ብርድ ግን ታውቀዋለህ፣ ለብሼው ሄጃለሁ።
አንተ እንደሆንክ ሙት ምንም አያውቅም ብለሃል። ብርዱም አይሰማህም።

ጎሹ