«እታለም» የምንላት ሴት

ሰኞ

ወንድሜን ኑሩን ያዙት። ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ሲመለስ ኬላው ላይ ወታደሮች ከመኪና አወረዱት። አብሮት የተሳፈረ ሰው መጥቶ ነገረኝ። ስልክ ሲፈትሹ ፊልሙን አገኙ፣ የኛን ፊልም። ሴትዮዋ ከእስር ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆና የምትተኩስበት ቦታ ላይ ተከፈተባቸው። ክፋቱ ጠይም ናት፣ ጸጉሯንም በሻሽ ታስራለች፤ ከሩቅ ላያት ያገራችን ሰው ትመስላለች።

«ይቺ ማን ናት?» አሉት። የወንድሜ ዐረብኛ እንደሆነ ገና ነው፣ ሲደነግጥ ደግሞ ያለችውም ትጠፋዋለች። ቤት ውስጥ «እታለም» ነው የምንላት። እሱን ገልብጦ «ኡኽቲ» አላቸው። እኅቴ ናት አለ ማለት ነው።

እኅቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ሌላ የለችውም።

ማክሰኞ

ገዳሪፍ አምጥተውታል፣ ከገበያው ጀርባ ካለው የወታደር ቢሮ። የምሠራበት የቅመም ሱቅ ባለቤት ሐጂ እድሪስ ጠዋት ሊጠይቁልኝ ሄዱ። የመተማ ሰው ናቸው፤ እዚህ ሸብተው ዐረብኛቸው ከአገሬው ሰው አይለይም። ያገሬ ልጅ ነው ከማለት በቀር ስለኔ ትንፍሽ አላሉም። ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ዋስ አንፈልግም፣ ታጣቂዋ እኅቱ ትምጣ ተብለዋል።

«ልጄ፣ እንዳትሄጂ። ከሄድሽ ሁለታችሁንም ነው የማጣችሁ» አሉኝ።

ኮረሪማ ለጠየቀኝ ሰው ከሙን ሰጠሁት።

ዋናው ሚሞሪ እኔ ስልክ ውስጥ ነው፤ ኑሩ የቀዳው ከሱ ነው። ፊልሙን ላጠፋው ከፈትኩ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ። ነሺዳ ልጭንበት ብዬ ከገበያ የገዛሁት አሮጌ ሚሞሪ ነው፤ ፊልሙ የቀድሞ ባለቤቱ ሳያጠፋው የቀረ ነው። ርእስ የለውም፣ ከመሐል ይጀምራል፣ ቋንቋቸው የየትኛው አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እስረኛ ሴቶች፣ የተቀደደ ልብስ፣ ድልህ የመሰለ ደም። ነውርም አለበት። ግን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ስንመጣ ሰው አናውቅም ነበር፤ ከሥራ ገብተን እሱን እናያለን፣ ንግግሩንም ራሳችን በአማርኛ እንፈጥርለታለን። ኑሩ ጠባቂዎቹን ይሆናል፣ እኔ እሷን። ያን ጊዜ ሌላ የሚያስቀን ነገር አልነበረም። እንዴት አድርጌ ላጥፋው?

ረቡዕ

ለሐጂ ፊልሙን አሳየኋቸው። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ የነገረኝ የለም። በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ልብ ወለድ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉ። ጢማሙን ጠባቂ ይዩልኝ አልኳቸው። ድልድይ ላይ ይሞታል። ጀልባ ላይ እንደገና ይሞታል። ወጥ ቤት ውስጥ ሲሞት ጢሙ ተላቆ ይንጠለጠላል። ተዋናይ ቢያጥራቸው ነው መሰለኝ አንዱን ሰው ደጋግመው የሚገድሉት። ሐጂ ሴቶቹ ብቅ ባሉ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ከረጢቶቹ ያዞራሉ፣ አስተግፊሩላህ ይላሉ፣ ከዚያ «አሁን ሞተ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ሐጂ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ነገ ፊልሙን ይዘን አብረን እንሄዳለን። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው፤ እስረኛ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳሉ የሚባል ወሬም ሰምቻለሁ። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

መኮንኑ ወጣት ነው፣ ሙላዚም ይሉታል፣ የመቶ አለቃ እንደ ማለት። የሴትዮዋን ፊት ስልኬ ላይ አቁሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ጢማሙን ተመልከትልኝ አልኩት።

ሞተ። እንደገና ሞተ። የሙላዚሙ ግንባር አልተፈታም። ጢሙ ሲንጠለጠል ሌላ ወታደር ጠራ። ሊያሳስረኝ መሰለኝ። ወደ ኋላ መልሰው አብረው አዩት፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

«መጨረሻ ላይ ታመልጣለች?» አለኝ ሙላዚሙ።

እንጃ፣ እዚያ ሳይደርስ ይቆረጣል አልኩት። ከሁሉ ያናደደው ይኼ መሰለኝ። ሚሞሪውን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። የኑሩንም ስልክ አልመለሰም። ሐጂ ዋስ ሆነው ፈረሙ፣ አድራሻችንንም አስመዘገቡ።

ኑሩ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ግራ ጆሮው አብጧል። ውሃ ጠጥቶ ተኛ።

ዓርብ

ለምን ፊልም ነው አላልካቸውም ብዬ ጠየቅኩት።

«ብያለሁ። ‹ፊልም አትሥራብን› አሉኝ።»

ጆሮው እንዴት እንዳበጠም ነገረኝ። እኅትህ የት ነው የምትኖረው እያሉ ነበር የሚመቱት። ሰፈራችንን አልተናገረም። ሱቁንም፣ ስሜንም።

«እኔ ደግሞ በገዛ እግሬ ሄድኩላቸው» አልኩት።

ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። አሁን ቤታችንን ያውቁታል። በሩን በጠራራ ፀሐይ ቆልፈን ተቀምጠናል።