ለሳልማ ብዬ የተማርኩት ቋንቋ

ጥቅምት 6
ገበያው ቀዝቃዛ። ሁለት ዚፕ፣ አንድ ጥቅል ክር... ዳንግላ ሙሉ ቀን ሲዘንብባት ዋለ። ሱቅ ቁጭ ብዬ ከስልኬ ኢንዶኔዥኛ ስማር ዋልኩ። «ሰላማት ፓጊ» እንደምን አደሩ ነው። «አፓ ካባር» ምን ወሬ። ሰላሙም ካባሩም ከዐረብኛ የመጣ ነው መሰል፣ አልከበደኝም። «ቹቺ» ደግሞ ማጠብ። እሷማ ወዲያው ገባችኝ።

እናታችን ስትሞት እህቴ አፊያ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ ዐሥራ ሰባት። የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው ያሳደግኳት። ዐረብ አገር ሄዳ፣ እዚያ ኢንዶኔዥያዊ አግብታ አገሩ ገባች። በአካል ካየኋት ዐሥራ ሁለት ዓመት። በጥር ለአንድ ወር ነይ፣ እረፊ ብላኛለች። እረፊ! ዕረፍት ወጥቼ አውቃለሁ እንዴ?

ጥቅምት 11
«ቡንጋ» አበባ ነው። ግን እኔ እንደምለው አይደለም። «ግ»ው አይሰማም፣ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ስንቴ ደገምኩት! ከሱቄ ፊት ድንች የምትሸጠው እህተማርያም ሰምታኝ ሳቀች። አንዴ ሞክራ ልክ አደረገችው።

«እኛ እኮ በአዊኛ ቤት ስንል በዚሁ ድምፅ ነው የምንጀምረው። ምላስሽን ወደ ኋላ ሰብሰብ አርጊና በአፍንጫሽ በይው።»

እዚሁ ተወልጄ አዊኛ አለማወቄ... አፈርኩ።

ጥቅምት 19
አፊያ ደወለች።
«እታለም፣ ምን ያደክምሻል? እኔ አለሁልሽ አይደል፣ አስተረጉምልሻለሁ።»
«ከልጅሽ ጋር ላወራ ነዋ!»
ሳልማ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። አፊያ ወሬውን ቀይራ ቲኬቱን ባሏ በታኅሣሥ ይልካል አለችኝ። ደስ ያላት መስሎኝ...

ኅዳር 2
ፓስፖርቴ ደረሰ። ፎቶው ላይ አሮጊት መስያለሁ።

ኅዳር 9
ዛሬ የቤት ውስጥ ሰዎች። «ካካክ» ታላቅ እህት ወይም ወንድም። የመጨረሻው «ክ» አይጠራም፣ ጉሮሮ ላይ ቁርጥ ይላል። «ታሙ» እንግዳ። «ፐምባንቱ» የቤት ሠራተኛ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በቃሌ ያዝኩ፦ ሳያ ካካክ አፊያ። እኔ የአፊያ ታላቅ እህት ነኝ። ሰውን ሁሉ በዚች ሰላም እላለሁ።

ኅዳር 14
በቪዲዮ እያወራን ሳልማ መጣች፣ ፀጉሯ እንደረጠበ። እኔን እያየች እናቷን «ሲያፓ ኢቱ?» አለቻት። ማን ናት? ገባኝ! ልቤ ዘለለ።

አፊያ ዞር እንኳ ሳትል «ፐምባንቱ» አለቻት።

ከዚያ ወደ እኔ፣ «እታለም፣ ሰላም እያለችሽ ነው።»

ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም።

ኅዳር 15
ሱቅ አልከፈትኩም።

ኅዳር 17
በደንብ አልሰማሁ ይሆን? ትምህርቱን መልሼ አዳመጥኩት። ራሱ ነው፣ የቤት ሠራተኛ። አስተማሪዋ ሦስቴ ትደግመዋለች።

ደግሞስ... የሰው ልብስ ሳጥብ አልነበር የኖርኩት? ታዲያ ውሸቷ የቱ ላይ ነው?

ኅዳር 28
ደወለች። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸው። ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቅ አሉ። «ኢቡ ሲያፓ?» አሉኝ። እርስዎ ማን ነዎት?

አፊያን አየኋት። በዓይኗ ለመነችኝ። ልዋሽላት አፌን ከፈትኩ፣ ወላሂ። የሚዋሽበት ቃል ከየት ይምጣ? የመጣልኝ በቃሌ የያዝኳት ብቻ ናት።

«ሳያ ካካክ አፊያ።»

ሴትዮዋ ወደ አፊያ ዞሩ። ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች።
«ምን አደረግሽኝ!»
«ምን አደረግኩሽ?»
«አባቴ ትልቅ ነጋዴ ነበር፣ በሠራተኛ ነው ያደግኩት ብያቸው ነበር። የድሃ ልጅ ናት ብለው እንዳይንቁኝ...»
«ታዲያ ለምን ነይ አልሽኝ?»
«ናፍቀሽኝ ነዋ! ቋንቋውን ስለማታውቂ... ምንም አይሰማትም ብዬ።»
«ወር ሙሉ ሠራተኛሽ ሆኜ ልቀመጥ ነበር?»

ለቅሶ ብቻ። እኔ አላለቀስኩም። አሁን ስጽፈው ግን...

ታኅሣሥ 20
ቲኬቱን ባሏ ይልካል የተባለበት ቀን አለፈ። አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ትምህርቱን ከስልኬ አጠፋሁት።

ጥር 8
መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን እየሞላች፣ «የአደጋ ጊዜ ተጠሪሽ ማን ይባል?» አለችኝ። አሮጌው ላይ የአፊያ ስም ነው ያለው፣ ከነባሕር ማዶ ቁጥሩ።

«እህተማርያም።»
«ምንሽ ናት?»
«ጎረቤቴ።»
«እህት ወንድም የለሽም?»

እስኪርብቶዋን አንሥታ ጠበቀችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው።

«አንድ እህት አለችኝ» አልኳት።
«ታዲያ?»
«የእህተማርያምን ጻፊልኝ።»