በእኅቴ በአልጣሽ ስም ስለ ዳነችው ልጅዎ

ለክርስትና አባቴ ለግራዝማች ሃይለ ሚካኤል፤ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ ሕዝቡ ሳይበተን እንዲያነቡልኝ የተላከ።

እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ወለተ ሐናስ እንደምን ከርመዋል? እኔ በእሱ ፈንታ ድንጋይ የምፈልጥለት ልጅዎ ክንፈሚካኤል ወገቡ ደኅና ነው? ታናሺቱ ልጅዎ እታለምስ፣ ጉንፋኗ ለቀቃት? እኔ ክንዱ፣ ከዓባይ ማዶ ከመንገድ ሥራ ሰፈር፣ ከእናቴ ናፍቆትና ከእኅቴ ከአልጣሽ ሐሳብ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በአራት ዓመት የቄስ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ለክብርዎ ባይበቃም፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ልጅዎን ተክቼ ብሄድ፣ የሰባት ዓመት እኅቴን ቡሬ ካለው የጣሊያን ሐኪም ዘንድ የሚያስገባ ወረቀት እንደሚያወጡላት መስቀል ስመው ስለ ማሉልኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቱንም በእርግጥ አወጡ፤ ስሟም ተጽፎበታል።

፪ኛ፤ በዚያው ወረቀት፣ በእኅቴ ስም፣ እታለምን አስገብተው ስላሳከሙ ደስ ብሎኛል። እናቴ አልጣሽን አዝላ ከበሩ ስትደርስ፣ ዘበኛው መዝገብ አስገልጦ፣ አልጣሽማ ታክማ ድናለች፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት ብሎ መለሳት። ስለዚህ እኅቴ በመዝገብ ድናለች፤ ከአፍንጫዋ ለሚወርደው መግልና ከዓይኗ ሥር ላለው እብጠት ብቻ ወሬው አልደረሳቸውም።

፫ኛ፤ እናቴ ከደጅዎ ብታለቅስ ባዶዋን አልሰደዷትም፤ እንጥል ቆራጭ ላኩላት። የታመመው አፍንጫዋ፣ የተቆረጠው እንጥሏ! አሁን ውኃ መዋጥም አቅቷታል።

እዚህ የሠራተኛውን ቁስል የሚያጥበውን ሰው ብጠይቀው፣ የልጅ ጉንፋን አሥር ቀን አልፎት መግልና ትኩሳት ካመጣ፣ ዓይንም ካሳበጠ፣ መግሉ ከጉንጭና ከግንባር አጥንት ውስጥ ተቋጥሯል፣ ሐኪም ቶሎ ካላየው ወደ ዓይኗ፣ ከዚያም ወደ አንጎሏ ይዘልቃል አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ግራዝማች፣ ከጥምቀቱ ውኃ ተቀብለው ያቀፉኝ እርስዎ ነዎት፤ ባላምንዎ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጎዳሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከእናቴ ጋር ራስዎ ቡሬ ወርደው፣ ቀድማ የገባችው እታለም እንደ ነበረች ለሐኪሙ ይንገሩ። ይህን ደብዳቤ ያመጣው ቢሆነኝ የሚባለው ነጋዴ ማክሰኞ ይመለሳል፤ መልስዎን በእሱ እጅ ይላኩልኝ።

ስለ ልጅዎ ወገብ ወገቡን ያጎበጠ፣ መሐላዎን እስከ ዛሬ በልቡ የያዘ፣
የክርስትና ልጅዎ ክንዱ
ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ መልስዎ ዘግይቶ እኅቴ ብትሞት፣ እናቴ በማን ስም እየጠራች እንደምታለቅስ አስቀድመው ይንገሯት። አልጣሽ የሚለውን እርስዎ ወስደውታልና።