ጁምዓ ጁምዓ የምታመጣልኝ ኪያር

ባሕሪ ከተማ፣ መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልቤ ሰው፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የገዳሪፍ አየር እንዴት ያዘህ? ሳሉስ ለቀቀህ? የእጅህ ማሳከክ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም።

በሎሪ ሾፌሩ፣ በአቶ በለጠ በኩል የላክኸው ቃል ደርሶኛል። የምንሠራበትን እርሻ ማን እንደጠቆመብን ሰማሽ ወይ ብለሃል። ሰምቻለሁ። ጠቋሚዋ እኔ ነኝ።

እባክህ፣ ሳትቀደው እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ጁምዓ ጁምዓ ኪያር ታመጣልኝ ነበር፤ ከሐረጉ ገና የተቀጠፈ፣ የወንዙ ቅዝቃዜ ያልለቀቀው። አንድ ቀን፣ ጠዋት የተባይ መድኃኒት ረጭተን ማታ እንለቅማለን፣ አለቃችን ሙዲሩ ገበያ አይጠብቅም ይለናል ብለህ ሳቅክ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እሑድ ወደምሠራበት የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ስገባ ሁለት ኪያር በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

ብልቃጥ የማጥብላት ዶክተር ሉጥፊያ ኪያሩን ከትፋ ፈጨችው፤ በኬሚካል ፈሳሽ በጥብጣ አጠለለችና ጠብታውን ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ ሲያንጎራጉር በእንቅልፍና በንቃት መሃል ቆየሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ረጋ ዓባይ ተኝቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ዓይኔም አብሮት ፈሰሰ፤ ኮቴህን የሰማሁ መሰለኝ። ድንገት መስመሩ ሽቅብ ተነሣ።

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። መርዙ በርሜል ውኃ ውስጥ እንደ ወደቀች ጠብታ ቢያንስም፣ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው አለችኝ። ቢታጠብስ አልኳት። ውስጡ ገብቷል አለች። ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንደሌለህ አሰብኩ። ሳልህን አሰብኩ። ሌላም አሰብኩ። ከዚያ የእርሻውን ቦታ ነገርኳት።

እርሻው ይታሸጋል እንጂ፣ ሙዲሩ እናንተን በአንድ ጀንበር ይበትናል አላልኩም። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አውፍ በለኝ። ለብቻዬ ብሆን፣ ወላሂ፣ ከእጅህ የመጣውን መርዝም ቢሆን በልቼ ዝም እል ነበር።

አሁን ዶክተሯ ፈሳሹ ወዳለበት ክፍል እንዳልገባ ከልክላኛለች። ከባድ ነገርም እንዳላነሣ ብላ ወንበር ሰጥታኝ፣ ናሙናዎቹ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ከሰዓት በኋላ የወንዙ ብርሃን በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ይዋኛል፤ እሱን እያየሁ ስም አወጣለሁ፤ የወንድም፣ የሴትም።

ብትቆጣም ተቆጣ፤ ግን ኢንሻአላህ ዝናቡ ሳይጀምር ና። አላህ ደረትህን ያሽርልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። እኛ ደህና ነን።

የልብህ ሰው