ለሰሚቱ ደን አዲስ ባለቤት፦ ስለ ተወሰደው የእግር መንገዳችን

ለተከበሩ የወንዝ ዳር ደን ማስዋብ ፕሮጀክት ኃላፊ፤
ሰሚት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እግርዎ እንደምን አለ? ስለ እግር አጥብቄ የምጠይቀው፣ በእኛ ሰፈር እግር ያለው ሰው መሄጃ ካጣ ስምንት ወር ስለሞላው ነው።

ሐሚዳ እንድሪስ እባላለሁ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። ለእሑዱ የፓርክ ምረቃ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ጥሩነሽ የላኩላቸው የክብር ጥሪ ደርሷል። እሳቸው መልስ ለመጻፍ ፈቃደኛ ስላልሆኑ እኔ በትሕትና ልመልስልዎ ተነሥቻለሁ።

መቼም ሥራ ስለሚበዛብዎ የደኑን ታሪክ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙ ይሆናል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እዚህ ስንገባ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለው ገደል የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ ነበር። ከገበሬዎቹ ዘመን የተረፉ ስድስት ወይራዎችና ጥቂት ጽዶች በብሎኬት ስብርባሪ እስከ ግማሻቸው ተቀብረው ቆመው ነበር። ጡረታ የወጡት ነርስ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የነበረ ቤታቸው ፈርሶ የመጡ ናቸውና ፍርስራሽ ማየት አይወዱም፤ አካፋ ይዘው ወረዱ። እኛም አፍረን ተከተልናቸው። ችግኝ ተከልን፤ ስብርባሪውን ደልድለን፣ ደረጃ የሌለው፣ እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ የሚወርድ የእግር መንገድ አወጣን። ይህን ሁሉ ያለ ጥናትና ያለ አማካሪ በማድረጋችን ይቅርታዎን እንለምናለን።

ባለቤቴ ጣሃ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው፣ ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ አዘዘ። ወይዘሮ ጥሩነሽ "በል ጣሃ፣ ዛሬ እስከ መጀመሪያው ወይራ ብቻ" እያሉ ክንዱን ይዘው ያወርዱት ጀመር። እዚያች ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በዓመቱ ብቻውን ወርዶ ተመለሰና ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ "ሐሚዳ፣ ውኃውን ነካሁት" አለኝ። እጁ እርጥብ ነበር።

ምስጋናችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ደኑን "ለመንከባከብ" በቆርቆሮ ስላጠሩልን እናመሰግናለን። ለአምስት ወር አንድም ሠራተኛ ዝር ስላላለበት ዛፎቹ ከሰው ዐይን ዐርፈዋል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት የተከልናቸው ችግኞች በመጋቢት ፀሐይ ሲጠወልጉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጀሪካን ይዘው በቆርቆሮው ክፍተት ገቡ። ጥበቃዎ፣ "እማማ፣ ይሄ ደን ባለቤት አለው" ብሎ አስቆማቸው።

"እንግዲያው ጥራልኝ፤ ችግኙ ጠምቶታል" አሉት።

ምላሹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በጥበቃ ቤት መቀመጥና፣ ዳግመኛ ወደ ደኑ ላለመግባት መፈረም ሆነ። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ፈረሙ። ስለ ጥብቅ ጥበቃዎ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ጣሃ መንገዱ ሲዘጋበት መራመዱን አልተወም፤ ወደ መገናኛ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ለእግረኛ ቦታ በሌለበት ይሄድ ጀመር። ተው ስለው፣ "ሹፌሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ አይነኩኝም" ይለኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ባጃጅ ሊሸሽ ወደ ዳር የወጣ ሚኒባስ በስፖኪዮው ትከሻውን መትቶ ጣለው። ዳሌው ተሰበረ። ሹፌሩ ወርዶ ሲያየው የድሮ የሥራ ባልደረባው ሆኖ አገኘው፤ እያለቀሰ ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነው። እሱን አልከሰስኩም። ብከስስ የማንን ስም እንደምጽፍ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮው ተነሣ። ወይራዎቹ ተቆርጠው ዘንባባ ተተክሏል፤ በእግር መንገዳችን ቦታ የሚያብረቀርቅ ደረጃ ወርዷል። ቆጠርኩት፤ ስልሳ አራት ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩና ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ፣ በምረቃው ሊሰጧቸው ያሰቡትን "አርአያ ነዋሪ" የሚል ምስክር ወረቀት ለመቀበል ይሄዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ላልገባ ፈርሜ የለ እንዴ?" አሉኝ።

ጣሃ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ሆኖ፣ "የሠራተኞቹ ድምፅ ጠፋ፤ መንገዱ ተከፈተ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ዋሽቼው አላውቅም።

"ገና ነው" አልኩት።

ሪባኑን የሚቆርጡበት መቀስ ስለት እንዲኖረው፣ ጭብጨባውም እንዲደምቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ በዕለቱ ከማይገኙት እንግዶችዎ አንዷ፣

ሐሚዳ እንድሪስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በእጅዎ ለማድረስ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ ኅብረተሰቡን አሳትፎ የከተማ ደን ስለ መጠበቅ ልምድዎን ሊያካፍሉ ውጭ አገር መሄድዎን ነገረችኝ። ሲመለሱ እኛንም ያካፍሉን፤ ኅብረተሰቡ ገና አልሰማም።